ግንድ በገመድ ለማውረድ፦ ፖርታራፕ፣ ዊንች ወይስ ቲርፎር?

ጎንደር ውስጥ ዛፍ የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው፤ ከሥሩ ቆርቆሮ፣ ከጎኑ የመብራት ሽቦ አለ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለ የደረቀ የጽድ ቅርንጫፍ ከሆነ ደግሞ ታች መቃብር አለ። ግንዱ እየተቆራረጠ በገመድ መውረድ ይኖርበታል። መሣሪያ ከመምረጣችሁ በፊት ቁራጩ መውረድ ብቻ የሚበቃው ነው ወይስ መጀመሪያ ከፍ ማለት አለበት የሚለውን ለዩ።

ቀጥሎ ክብደቱን ገምቱ። እርጥብ ባሕር ዛፍ በሜትር ኩብ ወደ 1000 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ውፍረቱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር የሆነ ቁራጭ 125 ኪሎ ገደማ ነው። ውፍረቱ 60 ሲሆን ወደ 280 ይዘላል። ላይ የታሰረው ካሩካ (ገመዱ የሚያልፍበት መዘውር) የሚሸከመው ደግሞ የዚህን እጥፍ ሊጠጋ ነው፤ ገመዱ በሁለቱም በኩል ይጎትተዋልና።

ለመውረድ ብቻ ከሆነ ፖርታራፕ ይበቃል፤ ለጀማሪ ቡድን ከሌላው ሁሉ በፊት ይህን እንመክራለን። ከግንዱ ሥር በማሰሪያ የሚታሰር የብረት ቱቦ ነው፤ ገመዱ ይጠመጠምበትና በሰበቃ ይያዛል። ገመዱን ግንዱ ላይ በቀጥታ መጠምጠምም ይቻላል፤ ነገር ግን ሰበቃው እንደ ልጡና እንደ እርጥበቱ ስለሚለያይ ዙሩን አስቀድሞ ማስላት አይቻልም። ለስላሳ ብረት ላይ ግን 125 ኪሎ ተንጠልጥሎ ሳለ በ1 ዙር እጃችሁ ላይ የሚቀረው 35 ኪሎ ያህል ነው፣ በ2 ዙር 10፣ በ3 ዙር 3። ቁራጩ ወድቆ ገመዱን ሲነጥቅ ኃይሉ ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ በ1 ዙር የያዘ ሰው ገመዱ ያመልጠዋል፣ እጁም ይቃጠላል። ዙር ሲበዛ ደግሞ ቁራጩ በድንገት ቀጥ ይልና ግንዱ ላይ ያለውን ቆራጭ ክፉኛ ይንጠዋል። ዙሩ ከመቁረጡ በፊት ይወሰን፤ ገመድ ያዡ ጓንት ያድርግ፣ ትርፉን እጁ ላይ አይጠምጥም፤ ቁራጩ እንደወደቀ ጥቂት ሜትር ያሩጠው፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ያቁመው።

ጭነቱ ፖርታራፑን ወደ ላይ ይጎትተዋል። ባሕር ዛፍ ልጡን ስለሚጥል፣ የላላውን ሳትልጡ ብታስሩ ማሰሪያው ይንሸራተታል።

ገበያ ላይ «ናይሎን» ተብሎ የሚሸጠው ገመድ ብዙ ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ቁራሹን ውሃ ውስጥ ጣሉት፤ ከተንሳፈፈ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ 165 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣልና ብረቱ ላይ ሲሮጥ ይጣበቃል። ፖሊስተር ይሰምጣል፣ ሙቀቱንም ይችላል። የመበጠሻ ኃይሉ ከጭነቱ ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን፤ ቋጠሮ ብቻውን ሲሶ ያህሉን ሊወስድ ይችላል።

ቅርንጫፉ ጣሪያ ላይ የተዘረጋ ከሆነ ከመቆረጡ በፊት ገመዱ መወጠር፣ ከተቆረጠም በኋላ ቁራጩ መነሳት አለበት፤ ፖርታራፕ ይህን አይችልም። ለዚህ ጂአርሲኤስ የሚባል፣ እሱም ግንዱ ላይ የሚታሰር መሣሪያ አለ፤ የጀልባ ዊንች (በእጀታ እየዞረ ገመድ የሚስብ ማሽን) ተገጥሞለታል፤ ከባድ ግንድ ለማውረድ ሲፈለግ ዊንቹ ወጥቶ ገመዱ የሚጠመጠምበት ወፍራም ከበሮ ይገባል። ዋጋውና ክብደቱ ግን የትልቅ ቡድን ነው። አደጋውም ጉልበቱ ላይ ነው፦ በዊንች እጀታ ትንሽ መግፋት ገመዱ ላይ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ይፈጥራል። ከልክ በላይ ከተወጠረ ቅርንጫፉ ቆረጣው ሳያልቅ ርዝመቱን ይሰነጠቅና ቆራጩን ይመታል። ገመዱ እንደተወጠረ እጀታውን አቁሙ።

ቲርፎር የሽቦ ገመድን በመንጋጋ እየነከሰ በእጅ ማንሻ የሚስብ መሣሪያ ነው፤ ከግንባታ ሠራተኞች ዘንድ ይገኛል። ያዘነበለ ዛፍን ወደምትፈልጉት አቅጣጫ ለመሳብ ጥሩ ነው፤ የሚወድቅ ቁራጭ ለመያዝ ግን በፍጹም አትጠቀሙበት፣ ገመዱን ማሮጥ አይችልምና። 1600 ኪሎ የሚስበው 11.5 ሚሊ ሜትር የሽቦ ገመድ ይፈልጋል፤ ሌላ ውፍረት መንጋጋው በደንብ አይነክሰውም። ከልክ በላይ ሲጫን እንዲሰበር የተሠራው ፒን ከተሰበረ ጭነቱን ቀንሱና በራሱ መለዋወጫ ተኩት። ሚስማር ከገባበት ቀጥሎ የሚሰበረው መሣሪያው ወይም ሽቦው ነው።