የመድረክ ድምፅ ለልጆች ጆሮ፦ «ጴጥሮስና ተኩላው»ን በአማርኛ ለመተረክ

በሐዋሳ በሆቴልና በሠርግ መድረክ ላይ ጊታር ይዞ ሲዘፍን የሚያመሽ ሰው ለልጆች የተዘጋጀ ክላሲካል ሙዚቃ ተርክ ሲባል መጀመሪያ የሚያስበው ድምፁን ማጉላት ነው። እኔም የሩሲያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሰርጌይ ፕሮኮፊየቭን «ጴጥሮስና ተኩላው»፣ ማለትም ጴጥሮስ የተባለ ልጅ ተኩላ ስለመያዙ ተራኪና ኦርኬስትራ እየተቀባበሉ የሚነግሩበትን ሥራ፣ ለእህቴ ልጆች በአማርኛ ስቀርጽ ያደረግኩት ይህንኑ ነበር። ተኩላው ሲመጣ እንደ መድረኩ ጮኽኩ፤ ትንሿ ልጅ ጆሮዋን ይዛ እናቷ ነጠላ ውስጥ ገባች፤ ተኩላውን የሚወክሉት ፍሬንች ሆርን የተባሉ ጥሩንባ መሰል መሣሪያዎች ያሰሙትን ግን ማንም ልብ አላለውም። ከዚህ በታች ያለው ያንን ቀረጻ ጥዬ እንደገና ስሠራ የተከተልኩት አካሄድ ነው።

በቅድሚያ የሥራውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ፕሮኮፊየቭ እ.ኤ.አ. በ1936 በሞስኮ ለነበረው ማዕከላዊ የልጆች ቴአትር ሲጽፈው፣ ልጆች የኦርኬስትራ መሣሪያዎችን በድምፃቸው እንዲለዩ አስቦ ነው። ስለዚህ ወፏ ፍሉት፣ ዳክዬዋ ኦቦ፣ ድመቷ ክላሪኔት፣ አያትየው ባሱን (አራቱም የትንፋሽ መሣሪያዎች ናቸው)፣ ተኩላው ሦስት ፍሬንች ሆርን ሲሆኑ፣ ጴጥሮስን የቫዮሊን ቤተሰብ ይጫወተዋል፤ የአዳኞቹ ተኩስም ቲምፓኒ በሚባሉት ከበሮዎችና በትልቁ ከበሮ ይሰማል። ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ በመሣሪያዎቹ ስለተያዙ ለተራኪው የቀረው ሥራ ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ ነግሮ ዝም ማለት ነው።

ዝም ማለትን ለመማር እንግሊዛዊው የሮክ ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ የተረከውንና እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን ቀረጻ ማዳመጥ ይበጃል። በዩጂን ኦርማንዲ የሚመራው የፊላደልፊያ ኦርኬስትራ ሙዚቃውን አስቀድሞ ቀርጾት ስለነበር፣ የቦዊ ድምፅ የታከለበት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ዚጊ ስታርደስት የተባለ ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ ፊቱን ተቀብቶ መድረክ ያናወጠ ሰው፣ እዚህ ላይ በእርጋታ፣ ምንም ሳያጋንን ይናገራል። ሌላው እንግሊዛዊ ዘፋኝ ስቲንግም ይህንኑ ሥራ በክላውዲዮ አባዶ ከሚመራው የአውሮፓ ቻምበር ኦርኬስትራ ጋር ተርኮታል፤ ለጀማሪ ግን የቦዊውን አስቀድማለሁ። ለአማርኛው ለዛ ደግሞ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ስንት ትውልድ ያሳደጉት አባባ ተስፋዬ ይበቃሉ። ልጆችን ሰላም ብለው ለመልሱ ፋታ ይሰጡ እንደነበር እናስታውሳለን። እናንተም «ተረት ተረት» ብላችሁ ስትጀምሩ ልጆቹ «የላም በረት» የሚሉበትን ሁለት ሰከንድ አትንፈጓቸው።

ትልቁ ፈተና ትርጉሙ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ መሣሪያው ሊከተለው የሚገባው ስም ብዙ ጊዜ ዐረፍተ ነገሩ መሐል ተቀብሮ ይቀራል። «ከጫካው ውስጥ አንድ ግዙፍ ግራጫ ተኩላ ወጣ» ካላችሁ ሆርኖቹ የሚቀበሉት «ወጣ» የሚለውን ቃል ነው። እኔ ብዙ ከታገልኩ በኋላ «ከጫካው አንድ ነገር ወጣ። ግዙፍ ነው። ግራጫ ነው። ተኩላ!» ብዬ ቆራረጥኩት፤ የመጨረሻውንም ቃል ከማጮህ ይልቅ በሹክሹክታ አልኩት። ጽሑፋችሁን በሙሉ በዚህ ዐይን ፈትሹት፤ ከሙዚቃው በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ቃል የሚመጣውን የምትጠራ ትሁን።

ተኩላውን በጅብ እንድቀይረው የመከሩኝ ነበሩ። ምክሩ መልካም ቢመስልም አልተቀበልኩትም፤ በተረታችን ጅብ ሆዳምና ሞኝ ስለሆነ ልጆች ገና ስሙ ሲነሣ ይስቃሉ፣ የሆርኖቹም አስፈሪነት ይጠፋል። በአንጻሩ ወፏና ዳክዬዋ «መብረር ካልቻልሽ ምን ዓይነት ወፍ ነሽ?»፣ «መዋኘት ካልቻልሽስ?» እያሉ የሚጨቃጨቁበት ክፍል ለሐዋሳ ልጅ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ሐይቁ ዳር ቆሞ ሁለቱንም ዓይነት ያያል። ለአያትየውም ድምፃችሁን አታጎርንኑ። ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆቹ መካከል የሚንጎራደደውን አባ ኮዳ የተባለ ትልቅ ወፍ ያየ ሰው የባሱኑን አረማመድ ወዲያው ያውቀዋል፤ እኔም የንግግሬን ፍጥነት የለካሁት በእርሱ እርምጃ ነው።

ለቀረጻው ስቱዲዮ አያስፈልግም። ልብስ የሞላበትን ቁም ሣጥን ከፍታችሁ ፊታችሁን ወደ ልብሱ በማዞር፣ ከኋላችሁ ጋቢ ሰቅላችሁ፣ ስልኩን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ፣ ትንፋሻችሁ በቀጥታ እንዳይመታውም ትንሽ ወደ ጎን አድርጋችሁ ቅረጹ። ሙዚቃውን በአንድ ጆሮ በኢርፎን ስሙት፤ በስፒከር ከተከፈተ ከድምፃችሁ ጋር ተደባልቆ ስለሚገባ በኋላ መለየት አይቻልም። የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ከጀመረ ሥራው ለዚያ ቀን አብቅቷል። ባጃጁ የሚቀንሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው፤ ከእንቅልፍ በፊት ያለው ድምፅም ከመድረኩ ድምፅ ይልቅ ለልጆች ይስማማል። ከቦዊው ቀረጻ ላይ ንግግሩን ለመፋቅ አትድከሙ፤ ንግግር የሌለበትን የኦርኬስትራ ቀረጻ ፈልጉ። በቤት ለልጆች ማሰማት አንድ ነገር ነው፤ ኢንተርኔት ላይ መልቀቅ ግን የቀረጻውን ባለቤት ፈቃድ ይጠይቃል።

መጨረሻው ላይ ተጠንቀቁ። ተኩላው ተይዞ ሰልፉ ሲያልፍ ተራኪው፣ ዳክዬዋ ከነሕይወቷ ስለተዋጠች በተኩላው ሆድ ውስጥ ሆና እንደምትሰማ ይናገራል፤ ኦቦዋም በዝቅታ ትመለሳለች። በመጀመሪያው ቀረጻዬ ኦቦዋ እየተጫወተች «ሰማችኋት?» ብዬ ደርቤባት ነበር። በሁለተኛው «ጆሮ ሰጥታችሁ ብታዳምጡ...» ብዬ አቆምኩ። የእህቴ ልጅ ከነጠላው ብቅ ብላ «አልሞተችም!» አለች፤ ኦቦዋ ገና አልጨረሰችም ነበር።