የደሴንና የኮምቦልቻን የከፍታ ልዩነት በባዶ ሃይላንድ እንዴት መለካት ይቻላል?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ የሚወርድ ሰው ሐረጎን ሲጨርስ ጆሮው ድፍን ይላል፤ ምራቁን ሲውጥ ይከፈትለታል። ቦርሳው ውስጥ ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ሃይላንድ ካለ ደግሞ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ያገኘዋል። ደሴ በግርድፉ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 650 ሜትር መውረድ ማለት ነው። የጋዝ ሕጎችን ለሚያስተምር መምህር ከዚህ የተሻለ ቤተ ሙከራ አላውቅም።

ሮበርት ቦይል በ1662 ያሳተመውን ሕግ (ሙቀቱ ካልተለወጠ፣ ግፊት ሲጨምር የጋዝ ይዘት በዚያው ልክ ይቀንሳል) ሰሌዳ ላይ ጽፈን ብቻ ስናልፍ ተማሪው ቁጥር ተክቶ መልስ ያወጣል፤ የአየር ግፊት ምን እንደሆነ ግን አያውቀውም። በገዛ መንገዱ ላይ ሲለካው ያውቀዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. ጠርሙሱን ማዘጋጀት

ክዳናቸው ያልላላ ሦስት ባለ 1 ሊትር ሃይላንዶች ይያዙ። ላያቸው ላይ የተጻፈው የውሃው መጠን እንጂ የጠርሙሱ ሙሉ ይዘት አይደለም። ስለዚህ አንዱን እስከ አፉ ሞልተው በመለኪያ ሲሊንደር ይስፈሩት። ሲሊንደር ከሌለ ከፋርማሲ የሚገዛ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ይበቃል፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ያደርሳል። ከዚያ ጠርሙሶቹን ገልብጠው በደንብ ያድርቁ። ባልዲና ቴርሞሜትርም ያስፈልጋል።

2. ደሴ ላይ መዝጋት

ሙከራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። እኔ መጀመሪያ ስሞክር ጠርሙሱን በሁለት መዳፌ አቅፌ ዘጋሁት። የእጄ ሙቀት አየሩን አሙቆት ስለነበር ገና ከግቢው ሳልወጣ ጎኑ ገባ፤ የዚያን ቀን ልኬት ሁሉ ከንቱ ሆነ። ስለዚህ ሁለት ጠርሙሶች ክዳናቸው ተከፍቶ ጥላ ውስጥ ሩብ ሰዓት ይቆዩ። የክፍሉን ሙቀት ይመዝግቡ። ከዚያ አንገታቸውን ብቻ ይዘው፣ ሆዳቸውን ሳይጫኑ አጥብቀው ይዝጉ። ውሃ ውስጥ ነክረው ቀስ ብለው ጫን ሲያደርጓቸው አረፋ ከወጣ ክዳኑ ያስተነፍሳል ማለት ነው፤ ሌላ ይፈልጉ።

አንደኛው ጠርሙስ ደሴ ክፍል ውስጥ ይቀራል። ሁለተኛው ይጓዛል። ሦስተኛው ክፍቱን አብሮ ይሂድ፣ በኋላ እንደርስበታለን።

3. ግምት ማስጻፍ

ጠርሙሱ ከመሄዱ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ኮምቦልቻ ሲደርስ ያብጣል፣ ይጨመደዳል ወይስ እንዳለ ይሆናል የሚለውን ከነምክንያቱ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ይህን ደረጃ አይዝለሉት። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ ልጆች ሐሳባቸውን ይዘው ዝም ይላሉ። በአማርኛ ይከራከሩ፤ የእንግሊዝኛው ቃል ሐሳቡ ከተያዘ በኋላ ይደርሳል።

አንድ ተማሪዬ የተጨመደደውን ጠርሙስ አይቶ፣ «ቲቸር፣ ይኼ እኮ ተንፍሶ ነው» አለኝ። «ደሴ የቀረውስ ለምን አልተነፈሰም?» ስለው ሄዶ ነካካው፣ ክዳኑን ፈተሸ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ከውጭ ተገፍቶ ይሆናላ» አለ። የቀረው ጠርሙስ ጥቅሙ ይኼ ነው።

4. ማጓጓዝ

በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለስ መምህር ወይም ቅዳሜ ዘመድ ጋ የሚወርድ ተማሪ ይዞት ይሂድ። ከፀሐይና ከሞተር ሙቀት ይራቅ። ቀጭኑ ፕላስቲክ መንገድ ላይ ቋ የሚልበት ቦታ አለ፤ የት እንደሆነ ይመዝገብ።

5. ኮምቦልቻ ላይ መለካት

ጠርሙሱን ባልዲ ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ነክረው ያቆዩትና የውሃውን ሙቀት ያንብቡ። ከዚያ አፉን ወደ ታች አዙረው እዚያው ውሃው ውስጥ ይክፈቱት። ውሃ ሽቅብ ሲገባና ጎኑ ቀና ሲል ይታያል። ጠንካራ ሆኖ ያልተጨመደደ ጠርሙስም ውሃ ያስገባል፤ ውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው ያንሳልና። የውስጡና የባልዲው ውሃ ልክ እስኪሆኑ ጠርሙሱን ከፍ ዝቅ ያድርጉ፤ እዚያው እንዳለ ይክደኑት። ያወጡትን ውሃ በስሪንጅ ይስፈሩ።

6. ማስላት

ለምሳሌ ጠርሙሱ 1,000 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ የገባው ውሃ 55 ሚሊ ሊትር ነው፣ ሙቀቱ ደሴ 17፣ ኮምቦልቻ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው እንበል። አየሩ 945 ሚሊ ሊትር ሆኗል ማለት ነው። ሙቀቱን 273 ደምረው ወደ ኬልቪን ሲለውጡ 290 እና 297 ይመጣል። የደሴ ግፊት ለኮምቦልቻ ግፊት ሲካፈል፣ 945 ለ1,000 ተካፍሎ በ290/297 ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው፤ ይኸውም 0.923 ገደማ። የደሴ አየር ግፊት ከኮምቦልቻው ወደ 7.7 በመቶ ያንሳል ማለት ነው። በዚህ አካባቢ በየ85 ሜትሩ ሽቅብ ግፊቱ 1 በመቶ ያህል ይቀንሳል። 7.7 በ85 ሲባዛ 655 ሜትር ይሰጣል።

ሙቀቱን ትተው በቦይል ሕግ ብቻ ያሰሉ ልጆች ወደ 470 ሜትር ያገኛሉ። ይህን ስሕተት ቶሎ አያርሙት። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ራሳቸው ፈልገው ሲያገኙት የቻርልስ ሕግ (ግፊቱ ካልተለወጠ፣ ጋዝ ሲሞቅ ይዘቱ ይጨምራል) ለምን እንዳስፈለገ ይገባቸዋል።

መንገድ ለማይመች ቀን

ስሪንጅ ውስጥ ከመፍላቱ በፊት የተነሣ ሙቅ ውሃ 5 ሚሊ ሊትር ይሳቡ። አየሩን አስወጥተው ጫፉን ላጲስ ላይ አጥብቀው ይጫኑና ማንቀሳቀሻውን ወደ ኋላ ይሳቡ። ውሃው ያለ እሳት ይንተከተካል። ግፊት ሲቀንስ የመፍያ ነጥብም ይቀንሳል፤ ውሃ ደሴ ላይ በ92፣ ኮምቦልቻ ላይ በ94 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ለዚህ ነው። ባቄላ ደሴ ላይ ለምን ቶሎ እንደማይበስል እናቶቻቸውን ጠይቀው እንዲመጡ ያድርጉ። የፈላ ውሃ ሲለኩ ግን የቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር ይሁን፤ የትኩሳት መለኪያ 42 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚያበቃ ይሰበራል።

ሦስተኛው ጠርሙስ

ክፍቱን የወረደውን ኮምቦልቻ ላይ ጥላ ውስጥ ዘግተው ወደ ደሴ ይመልሱት። ሰኞ ጠዋት እንደ ኳስ ተወጥሮ ይገኛል። ሳይከፈት ከእጅ ወደ እጅ ይዙር፣ ሁሉም ይጫነው። ከዚያ ኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጠ፣ እጁን አውጥቶ ለማያውቅ ልጅ ይስጡት፤ ክፍሉ ጸጥ ሲል እሱ ቀስ ብሎ ክዳኑን ያዙር። የኮምቦልቻ አየር ፍስስ እያለ ሲወጣ ሁሉም ይሰማዋል።