የደረት ራጅ አይቶ ቲቢን የሚጠረጥር ፕሮግራም እንዴት እንደሚሠራ

ራጅ ማንሻ እያለው ራጁን የሚያነብ የራዲዮሎጂ ሐኪም የሌለው ጤና ተቋም ጥቂት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች የቲቢ ልየታ ላይ ዲጂታል ራጅን በባለሙያ ፈንታ ኮምፒውተር ሊያነበው እንደሚችል መክሯል። እዚህ የምንሠራው ግን ለመማሪያ እንጂ በሽተኛ ለመመርመሪያ አይደለም። ፓይቶን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በጥቂቱ ማወቅና ጎግል ኮላብ በተባለው የኢንተርኔት ኮድ ማስኬጃ በነፃ የሚገኘው ጂፒዩ (ስሌት የሚያፋጥን ቺፕ) ይበቃሉ።

መጀመሪያ ራጆቹን ያውርዱ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በነፃ የለቀቃቸው ሁለት ስብስቦች አሉ። ከቻይናዋ ሼንዘን የተገኘው 662 ራጆች ሲኖሩት 336ቱ የቲቢ ሕሙማን ናቸው። ከሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የመጣው ደግሞ 138 ነው፤ ከእነዚህ 58ቱ ቲቢ ያለባቸው ናቸው። የፋይሉ ስም በ0 ካበቃ ጤነኛ፣ በ1 ካበቃ ቲቢ ማለት ነው።

የቸኮለ ሰው ሁለቱን ይቀላቅላል። አይቀላቅሉ። በሼንዘኑ ያሠልጥኑ፤ የሞንትጎመሪውን ለመጨረሻው ፈተና ቆልፈው ያስቀምጡ። ኒውራል ኔትወርክ፣ ማለትም ከምሳሌዎች የሚማረውና ሞዴል የምንለው የፕሮግራሙ ክፍል፣ ትምህርቱን ከማጥናት ይልቅ የመልስ ፍንጭ መልቀም ይቀናዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 በአሜሪካ የታተመ ስለ ሳንባ ምች የተደረገ ጥናት፣ እንዲህ ያሉ ሞዴሎች ራጁ በየትኛው ሆስፒታል እንደተነሳ ከሞላ ጎደል ሳይሳሳቱ መለየት እንደሚችሉ አሳይቷል። ባለሙያው ግራና ቀኝን ለማመልከት ከትከሻ አጠገብ የሚያስቀምጣት ትንሽ ብረት እንኳ ፍንጭ ሆና ነበር። የሳንባ ምች የሚበዛበትን ሆስፒታል ያወቀ ሞዴል ሳንባውን በቅጡ ሳያይ ጥሩ ነጥብ ያመጣል። ስለዚህ የቲቢውን ራጅ ከአንድ አገር፣ የጤነኛውን ከሌላ አገር ለቅሞ 99 በመቶ አገኘሁ የሚል ሰው አያስደንቀኝም፤ ማሽኑ የለየው አገሩን ሊሆን ይችላል።

ከሼንዘኑ 80 በመቶውን ለማሠልጠኛ፣ ቀሪውን ሥልጠናው እንዴት እየሄደ እንደሆነ ለመከታተያ ይክፈሉ፤ ምስሎቹን ወደ 224 በ224 ፒክስል ያሳንሱ። ራጁን በጥቂት ዲግሪ ማዘንበልና ብርሃኑን በትንሹ መለዋወጥ ልምምዱን ያበዛል። ግራና ቀኝ መገልበጡን ግን እኔ አልወደውም፤ ልብን ወደ ቀኝ ያዞራል።

በ662 ምስል ሞዴልን ከዜሮ መገንባት አይታሰብም። ኢሜጅኔት በተባለው ትልቅ የፎቶ ስብስብ አስቀድሞ የሠለጠነውን ዴንስኔት-121 የተባለ ሞዴል ከፓይቶርች (የፓይቶን የማሽን ትምህርት መሣሪያ) ይውሰዱ፤ የ1,000 ነገሮችን ዓይነት የሚለየውን የመጨረሻ ንብርብር አንስተው አንድ ውጤት ብቻ በሚሰጥ ይተኩት። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች አዲሱን ንብርብር ብቻ ያሠልጥኑ፤ ከዚያ ሌላውንም ከፍተው በጣም ዝቅተኛ በሆነ የመማር ፍጥነት (ሞዴሉ በአንድ እርምጃ ራሱን የሚያስተካክልበት መጠን) ይቀጥሉ። በመከታተያው ላይ ስሕተቱ መውረዱን ሲተው ያቁሙ።

ሞዴሉ የሚሰጠው ከ0 እስከ 1 ያለ ቁጥር ነው። ስንት ሲደርስ «ይጠረጠራል» እንደሚባል የሚወስኑት እርስዎ ነዎት፤ የሚወስኑትም በመከታተያው ራጆች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ለእንዲህ ዓይነቱ የመጀመሪያ ልየታ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መለኪያ ከሕሙማኑ 90 በመቶውን መያዝ፣ ከጤነኞቹም 70 በመቶውን በትክክል ማሰናበት ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንየው። ከ1,000 ሰዎች 10ሩ ቲቢ ቢኖርባቸው ፕሮግራሙ 9ኙን ይይዛል፤ አብሮም 297 ጤነኞችን ይጠረጥራል። «ቲቢ አለብዎ» የማለት ሥልጣን የሌለው ለዚህ ነው፤ የተጠረጠረው ሁሉ አክታው የቲቢን ጀርም ዘረመል በሚፈልገው በጂን ኤክስፐርት ማሽን መመርመር አለበት።

ከዚያ ግራድ-ካም በሚባለው ዘዴ ሞዴሉ የራጁን የትኛውን ክፍል አይቶ እንደወሰነ በቀለም ያውጡ። ሞዴሉ በጣም ያተኮረበትን የሚያሳየው ቀይ ቀለም በላይኛው የሳንባ ክፍል ካረፈ ደግ ነው፤ የአዋቂዎች ቲቢ ብዙ ጊዜ የሚታየው እዚያ ነው። በራጁ ጥግ ባለ ፊደል ላይ ካረፈ ግን ዳር ዳሩን ቆርጠው እንደገና ያሠልጥኑ።

የሞንትጎመሪውን አሁን ይክፈቱ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ውጤቱ ከሼንዘኑ ዝቅ ቢል አይደንግጡ፤ ለሰው የሚናገሩት ግን ዝቅተኛውን ነው።