የአምፕሊፋየሬ ድምፅ እየወረደ ሲያስቸግረኝ
ደብረ ብርሃን ለሠርግ ስንለማመድ የጊታር አምፕሊፋየሬ ድምፅ በድንገት ይወርድ ጀመር። ጠንከር አድርጌ ስመታ ይመለሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። ገመድ ቀየርኩ። ጊታር ቀየርኩ። የቮልዩም ማዞሪያውን አጸዳሁ። ወይ ፍንክች! ሦስት ቀን እንዲሁ ሄደ።

ችግሩ ከኋላ ነበር። እዚያ «ሴንድ» (መላኪያ) እና «ሪተርን» (መመለሻ) የሚሉ፣ የጊታሩን ድምፅ የሚቀይር የኢፌክት ፔዳል መሰኪያ ቀዳዳዎች አሉ። ተጠቅሜባቸው አላውቅም። ግን በብዙ አምፕሊፋየሮች ላይ፣ ምንም ባይሰካም፣ ድምፁ የሚያልፈው ሪተርን ውስጥ ባለች ትንሽ የብረት ምላስ በኩል ነው። እሷ ስትቆሽሽ ድምፁ ይታፈናል። ምን የሚሉት አሠራር ነው?

አጭር የጊታር ገመድ ከሴንድ ወደ ሪተርን ሰካሁ። ድምፁ በምላሷ ፋንታ በገመዷ አልፎ ወዲያው መጣ። ከዚያ ከሶኬት ነቅዬ፣ ሪተርን ውስጥ ኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ) ነፋሁና የገመዷን ጫፍ አሥር ጊዜ ያህል ሰክቼ ነቀልኩ። ሲደርቅ አበራሁት። አሁን ያለ ገመዷም ይሠራል። እሷን ግን ከቦርሳዬ አላወጣትም፤ የከተማችን አቧራ አይታመንም።