«ይቺን ድገሚልኝ»፦ በስቴሮይድ ቅባት የምንሠራቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን መድኃኒት ቤት ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ሰው ከኪሱ የተጨማደደ ቱቦ አውጥቶ «ይቺን ድገሚልኝ» ሳይለኝ የሚያልፍ ቀን የለም። ጽሑፉ ተፍቋል፣ ጭራው ተጠቅልሏል። «ለማን ነው?» ስል «ለቤት ነው» ይባላል። ለቤት! እንደ ስኳር።

ቱቦዋ አብዛኛውን ጊዜ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታዞል ናት፤ ሁለቱም የቆዳ ቁጣ የሚያበርዱ ስቴሮይድ ቅባቶች ናቸው። ለችፌ (ኤግዚማ) እና ለመሳሰሉት የቆዳ ቁጣዎች ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። ለሚያሳክክ ነገር ሁሉ ግን አይደሉም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ጭርት ላይ የሚቀባው ነው። ጭርት ፈንገስ ነው፤ ስቴሮይድ ደግሞ ፈንገስ አይገድልም። ሥራው የቆዳውን ቁጣ ማብረድ ነው። ቆዳው የተቆጣው ፈንገሱን ሊታገል ነበር። ስለዚህ ማሳከኩ ይተዋል፣ መቅላቱ ይቀንሳል፣ ሰውየው «ተሻለኝ» ይላል። ፈንገሱ ግን ከልካይ አጥቶ ይሰፋል። ክብ ጠርዙ ስለሚደበዝዝ ሐኪም እንኳ ለመለየት ይቸገራል። ቲንያ ኢንኮግኒቶ ይሉታል፤ ራሱን የደበቀ ጭርት እንደማለት ነው።

አንድ ጊዜ ከሸዋሮቢት የመጣ ወጣት ሸሚዙን ገለጠልኝ። ስትጀምር ሳንቲም ታህል ነበር አለኝ። አሁን ከቀበቶው ተነስታ ብብቱ ልትደርስ ነው። ሦስት ቱቦ ጨርሷል። «ስቀባው ይሻለኛል፣ ስተወው ይብስብኛል። እንዴት መድኃኒቱ አይደለም ትያለሽ?» ብሎ ሞገተኝ። ወንድሜ፣ ችግሩ እኮ እሱ ነው! ቆላ ላይ ሙቀትና ላብ ስላለ ፈንገስ ይመቸዋል። ክብ ሆኖ እየሰፋ የሚሄድ ነገር ካያችሁ መጀመሪያ ጭርትን ጠርጥሩ። እከክም እንደዚሁ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ሌሊት ሌሊት የሚያክ ከሆነ ስቴሮይዱን አስቀምጡትና ታዩ።

ሰው ላይ ብቻ እንዳልፈርድ፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ የእግር ጣቶቼ መሃል ሲያሳክከኝ የጓደኛዬን ክሎቤታዞል ለሳምንታት ቀባሁ። ፋርማሲ እያጠናሁ! በኋላ ጫማ ማድረግ አቃተኝ።

ፊትን «ለማጥራት» የምትቀቡ እህቶቼ፣ መጀመሪያ ላይ ያማረ ይመስላል። ከዚያ ብጉር ይመጣል፣ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይወጣሉ። ስታቆሙት ይቀላል፣ ያቃጥላል፤ ያን ለማስታገስ ደግሞ መልሳችሁ ትቀባላችሁ። የዓይን ሽፋን ላይ ሲዘወተር ግላኮማ (የዓይን ግፊት ጨምሮ ዕይታን የሚጎዳ በሽታ) ሊያመጣ ይችላል። ሐኪም ለፊት ቢያዝ እንኳ ደከም ያለውን፣ ለአጭር ጊዜ ነው።

የሕፃን ዳይፐር ሥር ጠንካራውን አትቀቡ። ታፍኖ ወደ ሰውነት የሚገባው ይጨምራል።

ቁጥሩም ያሳስታል። ሃይድሮኮርቲዞን 1 ፐርሰንት ይላል፣ ክሎቤታዞል 0.05 ፐርሰንት። አንድ አባት «ለልጅ ነው፣ ትንሹን ስጪኝ» ብለው ክሎቤታዞሉን አነሡ። ከሁለቱ ደካማው ሃይድሮኮርቲዞን ነው፤ ክሎቤታዞል ደግሞ ከሁሉም ጠንካራ ከሚባሉት ነው። አዋቂም ቢሆን ያለ ሐኪም ክትትል ከሁለት ሳምንት በላይ አያስኬደውም።

ይኼን ሁሉ ሰምተው የሚፈሩም አሉ፤ እነሱም ይሳሳታሉ። ከመንዝ አንዲት እናት ችፌ ያለበት ልጇን ይዛ መጣች። «ቆዳ ይልጣል አሉኝ» ብላ የታዘዘላትን የምትቀባው በክብሪት እንጨት ጫፍ ነው። ልጁ ክርኑን አኮ አድምቶታል። መጠኑን በጣቴ አሳየኋት። ከአዋቂ ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ ጨምቀው ያወጡት ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ጣቶቹን ጨምሮ ሁለት የአዋቂ መዳፍ የሚያህል ቦታ ያዳርሳል። በታዘዘው ልክ፣ ለታዘዘው ቀን ቀብቶ ማቆም ነው። በየቀኑ የማይቀረው ቫዝሊኑ ነው፤ የእኛ ደጋ ብርድና ነፋስ ቆዳ ያደርቃል። ከስቴሮይዱ ጋር ግን አንድ ላይ አትለውሱት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አራርቁት። ልጁ የሚተኛው ባና ለብሶ ነበር። ባናው ይሞቃል፣ ግን ሱፉ ይኮሰኩሳል፤ ከሥሩ የጥጥ አንሶላ አድርጊለት አልኳት።

ለወራት ብዙ ቦታ ስትቀቡ ከቆያችሁ በአንድ ቀን አትጣሉት። ቀስ በቀስ የሚያስተዋችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ስትሄዱ ቱቦውን ያዙ፣ ባዶም ቢሆን። «ነጭ ክሬም ነበር» እንዳትሉ ብቻ፤ መደርደሪያው ሙሉ ነጭ ክሬም ነው።