ዝዋይ ሀይቅ ደሴቶች ለመሄድ ላሰባችሁ

ስለ ጣና ሁሉም ያወራል፣ ዝዋይ ላይ ግን አምስት ደሴት እንዳለ ብዙ ሰው አያውቅም። ደብረ ሲና፣ ገሊላ፣ ፉንዱሮ፣ ፀደቻና ትልቁ ቱሉ ጉዶ ናቸው፣ ስሙ በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ ባቱ (ዝዋይ) 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቀድማችሁ ሂዱና እዛው እደሩ ምክንያቱም ጀልባው በጠዋት መነሳት አለበት፣ ከሰአት ንፋስ ይነሳና ማዕበሉ ያስጨንቃል። ዋጋውን ሳትሳፈሩ በፊት ደርሶ መልስ ብላችሁ ተነጋገሩ፣ ላይፍ ጃኬትም ጠይቁ እንዳታፍሩ። ቱሉ ጉዶ ሩቅ ስለሆነ ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ ቅርቦቹ ይበቋችኋል።

ግን እኔን ከጠየቃችሁ ቱሉ ጉዶን አትዝለሉት። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ስታጠፋ ካህናቱ ታቦተ ፅዮንን ይዘው እዚህ ሸሽተው 70 አመት እንዳቆዩት በትውፊት ይነገራል፣ የደብረ ፅዮን ገዳምም የድሮ የብራና መፃህፍት አሉት። ነዋሪዎቹ ዛዮች ናቸው፣ ዛይኛ የሚባል የራሳቸው ሴማዊ ቋንቋ አላቸው፣ አሳ አጥማጆች ናቸው፣ ዳገቱንም በእርከን ያርሳሉ። ገዳሙ ተራራው ጫፍ ላይ ስለሆነ ደህና ጫማ አድርጉ፣ ነጠላም ያዙ፣ ብራናውን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አባቶችን አስፈቅዱ።

ወፍ ለሚወድ ፔሊካንና አባ ኮዳ ወደቡ ላይ ሞልቷል፣ ጉማሬም አለ። ውሃው ቢልሃርዚያ ስላለው ዋና የለም! ስትመለሱ ትኩስ የቆሮሶ አሳ ጥብስ ብሉ።