403 ያለኝ ፋይሉ ስላልነበረ ነው

የዝናብ መረጃ የሚተነትነው ፓይፕላይናችን (በራሱ ተራ በተራ የሚሠራ የፕሮግራሞች ሰንሰለት) ሌሊት ሌሊት ከአማዞን ኤስ ስሪ፣ ማለትም ከአማዞን የኢንተርኔት ፋይል ማከማቻ፣ ፋይል ያነባል። ከኦክቶበር ጀምሮ ደህና ሲሠራ ቆይቶ ጃንዋሪ ሲገባ ቀጥ አለ። መልእክቱ «403፣ አክሰስ ዲናይድ» ነው፤ አልተፈቀደልህም ማለት ነው። የመግቢያ ቁልፍ ችግር መስሎኝ ቁልፉን ቀየርኩ። ያው ነው። ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኤስ ስሪ የሌለ ፋይል ሲጠየቅ 404 (አልተገኘም) የሚመልሰው ጠያቂው «ሊስት በኬት» የሚባለው ፈቃድ፣ ማለትም በበኬቱ (በፋይል ማስቀመጫው) ውስጥ ያለውን የመዘርዘር ፈቃድ፣ ካለው ብቻ ነው። ከሌለው 403 ይላል፤ ፋይሉ መኖር አለመኖሩን ላልተፈቀደለት አይናገርም። ለደኅንነት ጥሩ ነው፣ ግን በጣም ያደናግራል።

ፈቃዱን ጨመርኩ። እዚህች ጋ ልብ በሉ፦ ፋይል የማንበብ ፈቃዱ «ጌት ኦብጀክት» የሚሰጠው ከበኬቱ ስም ቀጥሎ /* (ውስጡ ያሉት ፋይሎች ሁሉ ማለት ነው) ተጽፎ ነው። «ሊስት በኬት» ግን ለበኬቱ ለራሱ ነው፣ ያለ /*። ከተሳሳተ ፈቃዱ ተጽፎም አይሠራም።

ወዲያው 404 መጣ። ፎልደሮቹን ስዘረዝር ፋይሉ ያለው 2025/01 ውስጥ ነው፤ ኮዳችን የሚፈልገው 2025/1። ከ10 እስከ 12 ያሉት ወራት ባለ ሁለት አሃዝ ስለሆኑ ስህተቱ ተደብቆ ከርሟል። ኮዱ ወሩን ሁሌም በሁለት አሃዝ እንዲጽፍ አደረግኩ። ያመለጡትን ቀናት መልሼ አስኬድኳቸው፤ ሁሉም ገቡ።